የሸረፋ ግማሽ ዙር

ከጅማ የሚመጣ ካሚዮን የጊቤን ዳገት ጨርሶ ወልቂጤ ሲቃረብ፣ ገና ሳይታይ በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚናገር አንድ መካኒክ ነበረን። ሸረፋ ይባላል። ጋራዡና የእኔ የላምባ ሱቅ ግድግዳ ይጋሩ ስለነበር፣ ከሚስቱ ከአሚኔ ቀጥሎ ሰውየውን የማውቀው እኔ ነኝ። ዛሬ ስሙን የሚያነሣ የለም፤ የሚያነሣም ካለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ይህ ያናድደኛል፤ የምጽፈውም ስለሚያናድደኝ ነው።

ትሑትና ጭምት ነበር ብዬ አልዋሽም። ሸረፋ ጉረኛ ነበር፤ ቁጡም ነበር። ሾፌር ስለ ሞተሩ አስተያየት ልስጥ ካለ፣ «አንተ መሪህን ያዝ፤ ይሄ ያንተ ሰፈር አይደለም» ብሎ ከኮፋኖው ያባርረዋል። ከሁሉ በላይ የሚመካው በጣቶቹ ነበር። ሥራ ሲጨርስ ከእኔ ሱቅ ላምባ ይወስድና ያጥባቸዋል፤ ቀጥሎ በሳሙና ይፈትጋቸዋል፤ ከዚያ ለጋ ቅቤ ይቀባቸዋል። የመካኒክ ጥፍር ጥቁር ነው፤ የሱ ግን የመምህር ጥፍር ይመስል ነበር።

«ወልዴ፣» ይለኛል፣ «ሰው በእግሩ የቆመ ይመስለዋል፤ እኔ የቆምኩት በነዚህ ነው።»

ስሜ ወልደአማኑኤል ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሙሉውን ጠርቶልኝ አያውቅም።

ትውልዱ መስቃን ነው፤ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ። እንደ አገሬው ልጅ ሁሉ ጺም ሳያወጣ አዲስ አበባ ገባ። ጓደኞቹ ሱቅ በደረቴ ይዘው ሲዞሩ፣ እሱ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ብረት በቤንዚን ማጠብ ጀመረ፤ እዚያው ሞተር ፈትቶ መግጠም ተማረ። ራሱን ሲችል ዘመዶቹ ቡታጅራ ይከፍታል ብለው ሲጠብቁት ወልቂጤ መጣ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ጊቤ እያለላችሁ መካኒክ አይራብም» አለኝ። እውነቱን ነው። ያንን ዳገት ቡና ጭኖ የወጣ ሞተር ሁሉ አንድ ነገሩን ያመዋል።

አሁን ስለ ባልቦላ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሸረፋ ነገር አይገባም። ባልቦላ የሞተር በር ነው። ሲከፈት ቤንዚኑ ይገባል፤ ሲዘጋ እሳቱ ይቀጣጠላል፤ ሌላው ሲከፈት ጭሱ ይወጣል። በሩን የሚከፍተው ከላዩ ያለ አንድ ክንድ ሲረግጠው ነው፤ ክንዱን ደግሞ ከሥር የሚገፋው ቀጭን ዘንግ አለ። በጣሊያኖቹ ሞተር በክንዱና በባልቦላው መካከል የወረቀት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ብረት ሲግል ያብጣልና። የአገሩ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነበር። የአሜሪካኖቹ ካሚዮኖች ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። በነሱ ዘንግ ሥር ዘይት የሚሞላባት ትንሽ ስኒ መሳይ ነገር አለች፤ ክፍተቱን ዘይቱ ራሱ ይደፍነዋል። እዚያ ላይ ክፍተት ከተውክ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲንኳኳ ይውላል። ስለዚህ ዘንጉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያሽከረከርክ የክንዱን ዳዶ ቀስ በቀስ ታጠብቃለህ። መጀመሪያ ዘንጉ እንደ ልቡ ይዞራል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከበድ ይላል፤ ጣት ብቻ የሚያውቀው ክብደት ነው። እዚያ ትቆምና ዳዶውን ግማሽ ዙር ትጨምርለታለህ። ካነሰ ይንኳኳል። ከበዛ በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ባልቦላውን እሳት ይበላዋል፤ ሞተሩም ጊቤ ላይ ይለግማል። አንዴ በትክክል ከተያዘ ግን ለዓመታት የሚነካው የለም።

ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ራሱ ሸረፋ ነው፤ እየጎረረ።

ሀቢቡ የእንሴኖ ነጋዴ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልስበት አሜሪካ ሠራሽ ካሚዮን ነበረው። ሌሎች መካኒኮች የጣሊያኑን ክፍተት ትተውለት ስለነበር፣ መኪናው ሲመጣ የቆርቆሮ ቤት የሚፈርስ ይመስል ነበር። ሸረፋ የሞተሩን ክዳን አነሣ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከንፈሩን እየነከሰ ዘንጎቹን አንድ በአንድ አሽከረከረ። ሲጨርስ ሞተሩን አስነሣው። ሀቢቡ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ምን ትጠብቃለህ፣ ጋሼ ሀቢቡ?» አለው ሸረፋ።

«እስክታስነሣው ነዋ!»

«ተነሥቷል እኮ። እጅህን ጫንበት።»

ሀቢቡ እጁን ጫነበት፤ ብረቱ ከሥሩ ይርገበገባል። የዚያን ቀን የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ ያንን ሞተር ከሸረፋ ሌላ ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። ሲመጣ ሸረፋ ቤት ይበላል፣ ሸረፋ ቤት ይሰግዳል። ሸረፋና አሚኔ ሳፊያ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ቆንጆ፣ አንደበቷ የተቆጠበ። የሀቢቡ ልጅ ሰማን ደግሞ ካሚዮኑን ለመንዳት ከአባቱ ጋር ይመላለስ ነበር። የሰማን ዓይን ሞተሩ ላይ እንዳልነበረ ከሱቄ ሆኜ አይቻለሁ። የሳፊያም ዓይን መሬት ላይ አልነበረም።

በእኛ አገር ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አጣሪ ይላካል። ዘር ይጠየቃል፤ ከዘር በላይ ግን ደዌ ይጠየቃል። «በአባቷ በኩል፣ በእናቷ በኩል፣ ያ በሽታ ገብቶ ያውቃል?» ይባላል። ስሙን የሚጠራ የለም፤ የሥጋ ደዌን ስሙን ከጠራኸው የሚሰማ ይመስል። ገብቶ ያውቃል ከተባለ የዚያ ቤት ልጅ ቆማ ትቀራለች። የሀቢቡ ሰዎች ሸረፋ የተወለደበት መንደር ድረስ ሄደው አጣሩ፤ ምንም አላገኙም። ሸረፋ የሚያውቀውን ግን አላወቁም። ይህን ኋላ አሚኔ ናት የነገረችኝ። ጅማ ሄዶ ቀረ የተባለው የእናቱ ወንድም የትም አልሄደም ነበር። ከእንሰቱ ጀርባ ጎጆ ተቀልሶለት እዚያው ነው ያለቀው። ሸረፋ በልጅነቱ ምግብ ይወስድለትና ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይሮጥ ነበር።

ሽማግሌ ተላከ፤ ተፈቀደ። ሠርጉም ለአረፋ ተባለ፤ አዲስ አበባ ያለው የመስቃን ሰው ሁሉ ለአረፋ አገሩ ይገባልና። አረፋው ሲቃረብ የሀቢቡ እናት ሞቱ። ሐዘን ላይ ሠርግ አይሆንምና ለሚመጣው አረፋ ተዛወረ። ቀን ይዘገያል እንጂ አይቀርም ተባለ።

አንድ ማታ አሚኔ እራት አቀረበች። ከምድጃ ያወረደችውን ጣባ ለማንሣት ጨርቅ ልታመጣ ዞር ብላ ስትመለስ፣ ሸረፋ በባዶ እጁ አንስቶ ፊቱ አስቀምጦታል። ቆማ አየችው። እሱ ይበላል።

«የሳፊያ አባት፣ አልፈጀህም?»

«የመካኒክ እጅ ነው፤ ደድሯል።»

 እራት ሲያበቃ አሚኔ ጣቱ ላይ የተሰካ ስንጥር ያየች መስላ እጁን ተቀበለችው፤ መርፌ ይዛ አጎነበሰች። እሱ ከሳፊያ ጋር እያወራ ነው።

«ምነው ቆየሽ? አውጪው እንጂ» አላት።

«ወጋሁህ እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «ሦስት ጣትህን ወጋሁህ።»

ሸረፋ ጣቱን አየ፤ ደም አለ። ልጅቷን «ውኃ አምጪልኝ» ብሎ ወደ ውጭ ላካት። ከዚያ ለሚስቱ ያላትን እሷ ቃል በቃል ነግራኛለች። «ስሜት ከጠፋ ሰንብቷል» አለ። «ትከሻዬም ላይ የማያሳክክ ነጭ ነገር አለ። የአጎቴም እንዲህ ነው የጀመረው። አዲስ አበባ ለዚህ የሚሆን ሆስፒታል አለ ይላሉ፤ ግን እዚያ በር ላይ አንድ የአገሬ ሰው ካየኝ ሳፊያ አለቀላት። ልጄ ትዳር ትያዝ። በማግስቱ እሄዳለሁ።» አሚኔ አልቅሳ ለመነችው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለችው። እሱ የሚሰማ አልነበረም። እሷም ልጇን አስባ ዝም አለች። በዚያ ዝምታ እስክትሞት ራሷን ትረግማለች፤ እኔ ግን አልፈርድባትም።

ጣቱ ግን የሥራ ጣት ነው። ዘንጉ ሲከብድ የሚነግረው ጠፋ። አንድ ሾፌር ባልቦላ አሠርቶ ሄደ፤ ጊቤን መውጣት አቅቶት ተጎትቶ ተመለሰ። ሞተሩ ሲከፈት ባልቦላው ተበልቷል፤ ዳዶው ከግማሽ ዙር አልፎ ጠብቋል ማለት ነው። ሸረፋ ሾፌሩ ላይ ጮኸ፣ ቤንዚኑን ሰደበ፣ ግን በነፃ ሠራለት። በነፃ መሥራቱ አስደነገጠኝ፤ ሸረፋ ጥፋቱን የሚያምን ሰው አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ አሠራሩን ለወጠ። ጣት ከከዳው ጆሮ አለው። ሞተሩን ያስነሣል፤ ክዳኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ዳዶውን ይፈታዋል። ባልቦላው መንኳኳት ሲጀምር መልሶ ያጠብቃል፤ ድምፁ ጥፍት ሲል ይቆማል፤ ግማሽ ዙር ይጨምራል። ሥራው እንደ ድሮው ሆነ፤ እንዲያውም በለጠ። ችግሩ ዘይቱ ነው። ሞተር እየሠራ ክዳኑ ከተከፈተ የሞቀ ዘይት ይረጫል። ሌላ ሰው ቢሆን በየመካከሉ ዘሎ ይሸሻል፤ እጁን ያራግፋል። ሸረፋ እጁን ከዘይቱ መካከል ከትቶ እንደ ልቡ ያወራል።

ሰው ይህን አየ። ወልቂጤ ደግሞ ያየችውን አትቆጥብም። «የሸረፋን እጅ እሳት አይነካውም» ተባለ። እስላሙ የአባቱ ዱዓ ነው አለ፤ ክርስቲያኑ ባሕር ዛፍ ሥር የተኛ እባብ በእጁ ስለነካ ነው የሚል ተረት ፈጠረ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ መላ የጨመረበት ግን አልነበረም። በገበያ ቀን ከእንድብርና ከአረቅጥ የመጣ ሰው ሳይቀር ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ሸረፋም፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ ተጫወተበት። ፍም በጣቱ አንስቶ ለሾፌሮች ሲጋራ ይለኩስላቸዋል፤ ሰው ያጨበጭባል። ከጭብጨባ ወዲያ የሚመረምር የለም። በሽታውን ከሰው ዓይን የሚደብቅበት ከዚህ የተሻለ ጓዳ አላገኘም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የባሰው ሀቢቡ ነበር። እንሴኖ ላይ፣ ጅማ ላይ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ «የልጄ አማች እጁ አይቃጠልም» እያለ ይፎክራል። ሸረፋ ማታ ማታ ውኃ የቋጠረውን እጁን በጨርቅ ይጠቀልላል። ጠዋት ቁስሉን ዘይት ቀብቶ ይወጣል። ትንሿ ጣቱ ወደ ውስጥ መታጠፍ ስትጀምር መፍቻ ጨብጦ መዋል አመጣ፤ መፍቻ የያዘ እጅ የታጠፈ አይመስልምና። ጥፍሩን በላምባ ማጠቡን ተወ። እኔም ላምባው አልቆበት መስሎኝ «ውሰድ እንጂ፣ አልነፈግኩህም» ብዬ ቀልጄበታለሁ።

አረፋ ደረሰ። ከበዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ሀቢቡ ከጅማ መጣ። ካሚዮኑ ላይ ጅማ የሚነግዱ የአገሩን ሽማግሌዎች ጭኗል፤ ሠርጉን ሊያስጨርሱ ወደ እንሴኖ የሚሄዱ ናቸው። ሰማን መሪውን ይዟል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አማች!» አለ ሀቢቡ ገና ሳይወርድ። «ሞተሩ ምንም አልሆነም፤ ግን እነዚህ ሰዎች እጅህን ካላየን አናምንም አሉ። ለሠርጉ ብለህ አንዴ ክፈትላቸው።»

አሚኔ በር ላይ ቆማ ነበር። «የሳፊያ አባት፣ ዛሬ ይቅር» አለች። አልሰማትም። ወይም ሰምቶ፣ ብተወው ይጠረጥሩኛል አለ። ደህና የሚሠራውን ሞተር ክዳኑን አነሣ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ዘይቱ መርጨት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ወደ ኋላ ሸሹና ሳቁ። ሸረፋ አንዱን ዳዶ ፈታ፤ ባልቦላው ተንኳኳ፤ አጠበቀ፤ ዝም አለ፤ ግማሽ ዙር። ሰው ተደነቀ። ቀጠለ። ለመጨረሻዎቹ ለመድረስ ጎንበስ ሲል ግራ እጁን ደገፍ አደረገ። የተደገፈው የጋለውን የጭስ ማውጫ ብረት ነበር።

ይህ ዘይት አይደለም። ዳገት ሲወጣ የዋለ ብረት ነው። ሸረፋ እየሳቀ ያወራል፤ ስለ ሠርጉ በሬ ነበር የሚያወራው። መጀመሪያ የሸተተኝ የተቃጠለ ጨርቅ መሰለኝ። ከዚያ ሥጋ መሆኑን አወቅኩ። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ።

«ሸረፋ» አለ ሀቢቡ። «እጅህ።»

ሸረፋ ቀና አለ። እጁን አላየም፤ የሀቢቡን ፊት ነው ያየው። እዚያ ላይ ሁሉን አነበበ። እጁን ከብረቱ ሲያነሣ ቆዳው እዚያው ቀረ።  ሀቢቡ ጥቂት ወደ ኋላ ሄደ፤ መሄዱን ያወቀ አይመስለኝም። የሚሠራው ሞተር ድምፅ ስለሌለው ጸጥታው ከባድ ነበር።

«ሁለት ይቀራል» አለ ሸረፋ። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጨረሰ፤ ፈታ፣ አጠበቀ፣ ግማሽ ዙር። ክዳኑን ገጠመ፤ እያንዳንዱን ቡሎን በተራ አሠረ። ከዚያ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ካሚዮኑ ሄደ። ሰማን በመስተዋቱ ወደ ኋላ ሲያይ አይቼዋለሁ፤ አላቆመም።

ቀድሞ ልጅቷን የጠየቁት ሽማግሌዎች ብዙ አልቆዩም፤ ከበዓሉ በፊት ተመለሱ። ያ ሁሉ ጊዜ ቤቱን እንደ ቤታቸው ሲገቡበት የነበሩ ሰዎች ደጅ ላይ ቆሙ። አሚኔ ወንበር አወጣች፤ አልተቀመጡም። ውኃ አቀረበች፤ «ጠጥተናል» አሉ። ሀቢቡ አብሯቸው አልነበረም።

«ወንድማችን ሸረፋ፣» አለ ታላቃቸው፣ «አላህ ያላለው ነው። ሀቢቡም እያለቀሰ ነው የላከን። ግን ዘር ነው፤ ነገ የልጅ ልጅ አለ።»

ሸረፋ የታሰረ እጁን ከጋቢው አወጣ። «እኔን ተዉኝ፤ እኔ ሄጃለሁ» አለ። «ልጄን እዩልኝ። ሳፊያ!»

ሳፊያ ወጣች። ለሠርጉ ሂና የተቀባ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች። «መርፌ አምጪ» አላት። «ስጪያቸው። ይውጉሽ። ትጮሃለች፤ እጇ ደህና ነው፤ እዩት፣ ውጓት!»

መርፌውን የተቀበለ የለም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሳፊያ መርፌውን ራሷ ጣቷ ላይ ሰካች፤ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ደሙ በሂናው ላይ ወረደ።

«ያመኛል፣ አባቶቼ» አለች። «በጣም ያመኛል።»

ታላቁ ሽማግሌ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ዱላውን አንስቶ ሄደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔ ከሱቄ በር ሆኜ አየሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ሲሰማ ሰው ይስቃል፤ እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሳቅኩም። ሸረፋ ልጁን ሊያድን እጁን ጣለ፤ እጁ ደግሞ ልጁን ይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጋራዡ በር ላይ የሚቆም ጠፋ። ያጨበጨቡት በሙሉ፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን ያወቁ ሆኑ። «ፍም በጣት ሲያነሣ እኮ ታውቆኝ ነበር» ይላል አንዱ። «እኔማ ሲጋራዬን አስለኩሼው አላውቅም» ይላል ሌላው። ውሸታሞች! አንደኛውን ከሱቄ አባርሬዋለሁ፤ ላምባ እየፈለገ።

ሸረፋና አሚኔ ሳፊያን ቤት ትተው አዲስ አበባ ሄዱ፤ እኔም እስከ ሆስፒታሉ ሸኘኋቸው። ሆስፒታሉ ውስጥ ቁስል የሚያክም አንድ ድሬሰር እጁን ያለ ጓንት ይዞ አገላበጠው። ሸረፋ እጁን የያዘው ሰው ካየ ቆይቶ ስለነበር ደነገጠ።

«መደንዘዝ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» አለው ድሬሰሩ።

«ሁለት አረፋ አለፈ።»

ድሬሰሩ ተነፈሰ። «ኪኒን አለው እኮ። ያኔ ብትመጣ ጣትህ አይታጠፍም ነበር። አሁንም በሽታው ይቆማል፤ ጣቱ ግን አይመለስም።»

«ለልጅ ይተላለፋል? በዘር?» ያለችው አሚኔ ናት።

«የዘር በሽታ አይደለም» አለ ድሬሰሩ። «ማን ነው ዘር ነው ያላችሁ?»

ሸረፋ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ። ያ ሳቅ ከልቅሶ የባሰ ነበር። ያንን ቃል ከዚያ ሰው አፍ ቀድቼ እንሴኖ ብወስደው ማን ይሰማኛል? ወልቂጤ ተመልሼ ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ «እሱ የሐኪም ነገር ነው» ይሉኛል።

አልተመለሱም። ከሆስፒታሉ ጀርባ እንደነሱ ያሉ ሰዎች በሠሩት ሰፈር አንዲት ክፍል ቀልሰው ቀሩ። ዓመት አልፎ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሸረፋ ደጅ ነበር፤ የሆስፒታሉን ትንሽ የጭነት መኪና ኮፋኖ ከፍቶ አሚኔን አጠገቡ አቁሟታል። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈዋል። መፍቻው በጨርቅ አንጓው ላይ ታስሯል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ዘንጉን በጣቶቿ መካከል የምታሽከረክረው አሚኔ ናት።

«አሁንስ?» ይላታል።

«ይዞራል።»

ክንዱን ገፋ አድርጎ ዳዶውን ትንሽ ያጠብቃል። «አሁንስ?»

«ከበደኝ» ትላለች።

«ግማሽ ዙር» ይላል ለራሱ፤ በትከሻው ጭምር እየገፋ ይጨምራል።

እስኪጨርሱ ቆሜ አየሁ። አሚኔ እጇን ጨርቅ ላይ ጠርጋ ወደ እኔ መጣች። «ልጄስ?» አለችኝ። «ደህና ናት» አልኳት። አልዋሸሁም፤ ጤናዋ ደህና ነው። ቆጮ ልትሸጥ ገበያ ወጥታ ነበር፤ እጇ የነካውን የሚገዛ ጠፋ። ስለዚህ ሱቄ አስገባኋት፤ ላምባ አይበላምና። እሱንም ቢሆን ጠርሙሱን ከእጇ የሚቀበል ጥቂት ነው፤ «እዚያ አስቀምጪው» ይሏታል፤ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ዞር ትላለች። ይህን ለእናቷ አልነገርኳትም።

ሸረፋ ስለ ሳፊያ አልጠየቀኝም። ፈርቶ እንደሆነ ገብቶኛል። የጠየቀኝ ሌላ ነው።

«ወልዴ፣ የሀቢቡ ካሚዮን እስካሁን ድምፅ የለውም?»

«የለውም» አልኩት። «ሌላ መካኒክ አላስነካውም፤ አንድ ቀን እንኳ አልተንኳኳም።»

ፊቱ በራ። የጥንቱ ጉረኛ ለአፍታ ተመለሰ። «አላልኳችሁም!» አለ አሚኔን እያየ።

ያልነገርኩት ይህ ነው። ካሚዮኑን አሁን የሚነዳው ሰማን ነው፤ ሌላ አግብቷል፤ አንዳንዴ ሚስቱ ከጎኑ ትቀመጣለች። በየሳምንቱ በሱቄ ደጃፍ ያልፋል። ሌላው ካሚዮን ከዳገቱ ሲመጣ ከሩቅ ይንኳኳል፤ ሳፊያ የማታውቀው ሾፌር እንኳ ቢሆን ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ጓዳ ለመግባት ጊዜ አላት። የሀቢቡን ካሚዮን ግን የሠራው አባቷ ነው። ደጃፉ ላይ ሳይደርስ አይሰማም፤ ጠርሙስ ይዛ ቀና ስትል ሰማን ፊት ለፊቷ ነው።